«ሰርዝ» ከተጫነ በኋላ ፎከሱ የት ይሄዳል?

ድረ ገጽ የምትሠሩ ወዳጆች፣ ማውዙን ወደ ጎን አድርጉና ገጻችሁን በኪቦርድ ብቻ ሞክሩት። በታብ ወደ አንድ ረድፍ ሂዱና «ሰርዝ» የሚለውን በተን በኢንተር ተጫኑ። ረድፉ ከነበተኑ ይጠፋል። ፎከሱን የያዘው ነገር ስለሌለ ብራውዘሩ ወደ ቦዲ ይመልሰዋል። አንዳንድ ብራውዘሮች ቀጣዩን ታብ ከዚያው አካባቢ ለማስጀመር ይሞክራሉ፤ በዚህ ግን አትተማመኑ። በስክሪን ሪደር የሚሠራ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ የት እንዳለ ሊጠፋበት ይችላል፤ ይህን እንደ ጥቃቅን ጉድለት ማየት ተገቢ አይመስለኝም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ረድፉን ከማጥፋታችሁ በፊት ቀጣዩን ረድፍ በቫሪያብል ያዙ፤ ካጠፋችሁ በኋላ ፎከሱን በእሱ «ሰርዝ» ላይ አድርጉ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ለዝርዝሩ ርዕስ ታብኢንዴክስ -1 ስጡና ፎከሱን ወደዚያ ውሰዱት። በ-1 ርዕሱ ከኮድ ፎከስ ይቀበላል፤ በታብ ግን አይደረስበትም።

አንድ ልመናም አለኝ፦ ተጠቃሚው ከፊልድ በወጣ ቁጥር የስህተት ፖፕአፕ አታውጡ። ፖፕአፑ ራሱ ፎከስ ይነጥቃል፤ ሰውየው ሊሄድበት ያሰበው ቦታም ይቀርበታል። መልእክቱን ከፊልዱ ሥር ጻፉት። ብዙ ፊልዶችን ከወላጅ ኤለመንታቸው ላይ ሆናችሁ ለመከታተል ደግሞ «ብለር» ሳይሆን «ፎከስአውት» ነው የሚሠራላችሁ፤ ብለር ወደ ላይ አይወጣም።