የስንዴ ዘር ጥራት ቁጥጥርን በኮምፒውተር ስለ ማደራጀት

በሌሞ፣ በአና ሌሞና በሚሻ፣ እንዲሁም በከምባታ በኩል በአንጋጫና በዶዮገና ደጋማ ቀበሌዎች ስንዴ ከዋና ዋናዎቹ ሰብሎች አንዱ ነው። ዘር አባዢ ማኅበር የሚያቀርበው ስንዴ ከተራ እህል የሚለየው በመልኩ አይደለም። የሚለየው ከማሳ እስከ ጆንያ በየደረጃው መመርመሩ በመዝገብ ሲረጋገጥ ነው። መዝገቡ ከተዛባ ገበሬው በዘር ዋጋ እህል ገዛ ማለት ነው።

ይህን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ለሚያስቡ ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች የሚጠቅም ምክር በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን። ፕሮግራሙን መጫን የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ዋናው ጉዳይ አንዱ ደረጃ ሳይፈጸም ወደ ሌላው ማለፍ እንዳይቻል አድርጎ ማደራጀቱ ነው።

ደረጃ መዝለል የሚያስከትለው ጉዳት

የስንዴ አረማሞን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ በሽታ የስንዴውን ዛላ ወደ ጥቁር ዱቄት ይለውጣል። ዱቄቱ በነፋስ ተወስዶ በማበብ ላይ ያለውን ጤነኛ ስንዴ ይይዛል፤ ከዚያም በአዲሱ ፍሬ ፅንስ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። እንዲህ ያለው ፍሬ ለዓይን ጤነኛ ይመስላል፤ ብቅለቱም መልካም ነው። ስለሆነም በብቅለት ምርመራ አይገኝም። ገዢው ጉዳቱን የሚያየው ዘሩን ዘርቶ፣ ደክሞ፣ ስንዴው ዛላ ሲያወጣ ነው።

አረማሞን ለመለየት ዛላ በሚወጣበት ሰሞን ማሳውን እየተዘዋወሩ ማየት ያስፈልጋል። በሐምሌ ለተዘራ ስንዴ ይህ ጊዜ መስከረም አካባቢ ይውላል። ቆየት ሲል ዱቄቱ በነፋስና በዝናብ ይረግፋል፤ የሚቀረው ባዶ አገዳ በጤነኞቹ መካከል በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን የተሞላ ቅጽ በመስከረም መሞላት የነበረበትን ሊተካ አይችልም። የላቦራቶሪ ውጤት የቱንም ያህል ቢያምር የማሳ ቁጥጥር የጎደለው ዘር ማለፍ የለበትም።

በመጀመሪያ መስመሩ በወረቀት ይነደፍ

ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት የማኅበሩ ኮሚቴ፣ የልማት ሠራተኛውና የዘር ጥራት ተቆጣጣሪው አንድ ላይ ተቀምጠው የሥራውን ቅደም ተከተል ይንደፉ። ለስንዴ ዘር የሚከተለው ይበቃል፦

ሀ. የማሳ ምዝገባ። የአባሉ ስም፣ የማሳው ቦታና ስፋት፣ የዝርያው ስም፣ መነሻ ዘሩ የመጣበት፣ ባለፈው ዓመት በማሳው የነበረው ሰብል ይጻፋል።

ለ. የማሳ ቁጥጥር። ዛላ ሲወጣና ከአጨዳ በፊት ይደረጋል። አረማሞ፣ ባዕድ ዝርያና አረም ተቆጥረው ይመዘገባሉ።

ሐ. ርክክብ። ተበጥሮና ተመዝኖ የገባው ዘር የሎት ቁጥር ይሰጠዋል። በዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር ደንብ አንድ የስንዴ ሎት ከ300 ኩንታል መብለጥ የለበትም።

መ. ናሙናና ምርመራ። በዚሁ ደንብ መሠረት 1 ኪሎ ግራም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ለንጽሕና 120 ግራም፣ ለብቅለት 400 ፍሬ ይመረመራል። የብቅለት የመጀመሪያ ቆጠራ በ4ኛው፣ የመጨረሻው በ8ኛው ቀን ነው።

ሠ. ውሳኔ። ዘሩ ያልፋል፣ ለእርማት ይመለሳል ወይም ለእህልነት ይሸጣል። መለያ ካርድ የሚታተመው ላለፈው ብቻ ነው።

በእያንዳንዱ ደረጃ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን መጨረስ እንዳለበትና ካልተሳካ ሥራው ወደየት እንደሚመለስ ይወሰን። የመመለሻ መንገድ ያልተበጀለት ሥራ ሲበላሽ በሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገቡ ደንቦች

አንደኛ፣ የማሳ ቁጥጥር ሳይጸድቅ የናሙና ቅጽ አይከፈት። በዚህ ደንብ ላይ ልዩ ፈቃድ አይኑር።

ሁለተኛ፣ ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ አያጽድቅ። ላቦራቶሪውም የዘሩን ባለቤት ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ይይ። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ናሙና በኮድ ለቀማሾች እንዲቀርብ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ቀኖችን ያመሳክር። ናሙናው በተዘራ በ3ኛው ቀን የመጨረሻ የብቅለት ውጤት ቢጻፍ ሥራውን አቁሞ ምክንያቱን ይጠይቅ።

አራተኛ፣ የተሳሳተ ቁጥር ሲታረም የቀድሞው አይጥፋ። ያረመው ሰው፣ ቀኑና ምክንያቱ ከጎኑ ይቀመጡ።

አምስተኛ፣ ሥልጣኑ ለሥራ መደቡ እንጂ ለሰው ስም አይሰጥ። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና ዋና መቀመጫው ስትሆን፣ ቀድሞ ከሐዋሳ ይመራ የነበረው ሥራ ወደ አዲሱ ክልል ተዛውሯል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ መስመሩ እንደገና መሠራት ሳያስፈልገው የባለ መደቡን ስም መተካት ይበቃል።

መብራትና ኔትዎርክ በሌለበት

ማሳ ላይ ኔትዎርክ ላይኖር ይችላል። ኦዲኬ ኮሌክት የተባለው በነጻ የሚገኝ የስልክ ፕሮግራም ቅጹን ያለ ኔትዎርክ ያስሞላል፤ የማሳውን አቅጣጫና ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ኔትዎርክ ሲገኝ ይልካል። የደረጃዎቹን ቅደም ተከተልና ማጽደቁን ግን በጽሕፈት ቤት ያለው ፕሮግራም ይጠብቅ። መዝገቡ በየሳምንቱ ተገልብጦ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ለጀማሪ ማኅበር አንድ ሰብልና አንድ የምርት ዘመን ይበቃል። በዚያ ዘመን የወረቀቱ መዝገብ ጎን ለጎን ይያዝ፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ መስመሩ የሚስተካከልበት ነው። የልማት ሠራተኛውም ሥራው ሰውን ኮምፒውተር በማስተማር ብቻ አያበቃም። ከሥርጭት በፊት አንድ ጆንያ መርጦ፣ የመለያ ካርዱን ቁጥር ይዞ በመዝገቡ ወደ ኋላ እየተከተለ እስከ ማሳው ይሂድ። በመስከረም ማሳውን ያየው ሰውና ቀኑ ከተገኙ ዘሩ ይሰራጭ። ካልተገኙ ጆንያው ከነሎቱ ይቆይ፤ የጎደለው በመስከረም የታየው ማሳ ከሆነም ስንዴው ለእህል እንጂ ለዘር አይሸጥ።