ነርሷ ልጃችሁ «ፕሮጀክት ልምራ» ስትል፦ ሥራው፣ መብቱና የኮርሱ ዋጋ

በኪርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ የምንሠራ የማኅበረሰባችን ነርሶች ከእናቶችና ከአባቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። «ልጄ ስንት ዓመት ተምራ ነርስ ሆነች። አሁን ደግሞ ፕሮጀክት ልምራ ትላለች። መርፌውን ትታ ወረቀት ልትይዝ ነው? ልጆቹንስ ማን ያያቸዋል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነርስነት ደመወዙ የታወቀ፣ የተከበረ ሥራ ነው፤ «ፕሮጀክት» የሚለው ቃል ግን ለብዙ ወላጅ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚገባበት፣ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስቀር በቅደም ተከተል እንይ።

ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በተወሰነ ገንዘብና በተወሰነ ጊዜ የሚፈጸም ሥራ ነው። የልጅ ሠርግ የደገሰ ሰው ሁሉ ፕሮጀክት መርቷል። ቀኑ ተቆርጧል፣ ገንዘቡ ተመድቧል፣ እንግዳው ተቆጥሯል። ጌሾው ቀድሞ ካልተገዛ ጠላው አይደርስም። እንጀራውን ማን እንደምትጋግር አስቀድሞ ካልተነገረ፣ አንዷ ሌላዋ ትጋግራለች ብላ ትቀመጣለች። ድግሱን የሚመራው ሰው ሁሉን በእጁ አይሠራም። የትኛው ሥራ እንደሚቀድም፣ ማን ምን እንደያዘና ገንዘቡ የት እንደደረሰ ግን ያውቃል።

በጤና ሥራም እንዲሁ ነው። በዲሴምበር 2020 የኮሮና ክትባት ሲጀመር ኩፓት ሆሊሞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ የክትባት ጣቢያ መክፈት፣ ክትባቱን በተገቢው ቅዝቃዜ ማቆየት፣ ነርሶችን በተራ መመደብና ለአዛውንት ስልክ መደወል ነበረባቸው። ያን ሁሉ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አነስ ያለ ምሳሌም እንውሰድ። አንድ ክሊኒክ የአንጀት ካንሰርን ቀድሞ የሚያሳየውን የሰገራ ምርመራ ብዙ አዛውንት እንደማያደርጉ አየ እንበል። የፕሮጀክቱ መሪ መጀመሪያ ስንት ሰው እንዳልተመረመረ ትቆጥራለች። ቀጥሎ ምክንያቱን ትጠይቃለች፦ መልእክቱ በዕብራይስጥ ብቻ ስለመጣ ነው? ዕቃውን ወደ ክሊኒክ መመለስ ስለሚያሳፍር ነው? ከዚያ በአማርኛ የሚደውል ሰው ትመድባለች፣ ቀን ትቆርጣለች፣ ከሦስት ወር በኋላም እንደገና ትቆጥራለች። ቁጥሩ ካላደገ መንገዱን ትለውጣለች።

ለማኅበረሰባችን ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በ1998 «ረፉኣ ሽሌማ» የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር ሚስራድ ሃብሪኡት፣ ኩፓት ሆሊም ክላሊትና ጆይንት አብረው ሠሩበት። ከማኅበረሰባችን የተመረጡ አገናኞች፣ በዕብራይስጥ «መጋሽሪም» የሚባሉት፣ በክሊኒኮች ተመድበው በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ቃሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም አስረዱ። ፕሮግራሙ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ፤ የተገኘው ትምህርትም በ2011 በዓለም አቀፍ የጤና መጽሔት ታተመ። በዚያው በ1998 ዶክተር ዓናት ያፌ «ቴኔ ብሪኡት» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ሌሎች ሕመሞች በቋንቋችን ያስተምራል። በ2011 ደግሞ ሚስራድ ሃብሪኡት የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕዝቡ ቋንቋና ባህል እንዲያስማሙ የሚያዝ መመሪያ አወጣ።

መመሪያ ግን በራሱ አይሠራም። አንድ ሰው ገንዘቡን ማስፈቀድ፣ ትርጉሙን ማሠራትና አዛውንቶቹ በእርግጥ እንደተረዱት ማረጋገጥ አለበት። ያ ሰው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ ወረቀቱ በአማርኛ ታትሞም አንባቢ የማይገባው ሊሆን ይችላል። ልጃችሁ ያንን ቦታ ስትይዝ ሙያዋን አልተወችም፤ ውሳኔው ወደሚሰጥበት ክፍል ይዛው ገባች ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይጀመራል? ነርሷ ብዙውን ነገር ይዛ ትመጣለች፦ የቱ እንደሚያስቸኩል መለየት፣ በትክክል መመዝገብ፣ ከሐኪምም ከቤተሰብም ጋር መነጋገር። የሚጎድላት አብዛኛውን ጊዜ በጀት ማዘጋጀት፣ በኤክሴል መሥራት፣ በዕብራይስጥ አጭርና ጥርት ያለ ሪፖርት መጻፍና ስብሰባ መምራት ነው። እኛ የምንመክረው ብዙ ገንዘብ ከመክፈል በፊት በምትሠራበት ክሊኒክ አንድ ትንሽ ሥራ እንድትጠይቅ ነው። የስኳር ሕመምተኞች ቡድን ማደራጀት ወይም የክትባት ማስታወሻ ማሻሻል ይበቃል። ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ያለውን ቁጥር ትጻፍ። ለሚቀጥለው ሥራ ስትወዳደር ከምስክር ወረቀት ቀድሞ የሚናገርላት ይህ ነው።

የምስክር ወረቀት ከፈለገች በዓለም የታወቁት በ1969 በአሜሪካ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት የሚሰጣቸው ናቸው። «ፒኤምፒ» የሚባለው ዲግሪ ላላት ሰው ፕሮጀክት በመምራት የ36 ወር ልምድና የ35 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፤ ፈተናም አለው። «ካፒኤም» የሚባለው ለጀማሪ ነው፤ ልምድ አይጠይቅም፣ የ23 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል። ስለዚህ ልምድ ለሌላት ነርስ «ኮርሱን እንደጨረስሽ የፒኤምፒ ምስክር ወረቀት ይኖርሻል» የሚል ሻጭ ካጋጠማት እውነቱን አልነገራትም።

እዚህ ላይ ወላጆችም ልብ በሉ። ኮርስ ብዙ ጊዜ በስልክ ይሸጣል፤ ካርዱን የሚሰጠው ደግሞ አንዳንዴ አባት ወይም እናት ነው። «ሥራ እናስገባለን» የሚል ተስፋ በጽሑፍ ካልተሰጠ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። ካርዱን ከመስጠታችሁ በፊት ጠቅላላ ዋጋውን፣ የሰዓቱን ብዛት፣ የፈተናው ክፍያ በውስጡ መኖሩንና የመሰረዣውን ደንብ በጽሑፍ ጠይቁ።

በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ኮርስ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ ስረዛው ግን ትምህርቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን መቅደም አለበት። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ ሰዎች፣ አዲስ ገቢዎችና አካል ጉዳተኞች፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ ከሆነ፣ እስከ አራት ወር የሚደርስ ጊዜ አላቸው። ይህ የሚሠራው ውሉ በእነሱ ስም ሲሆን ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። የፕሮጀክት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የቀን ሥራ ነው። ለእናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊቱና ሻባቱ የቤቷ ይሆናሉ። ነገር ግን የሌሊትና የሻባት ተራ የሚያስጨምረው ክፍያም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ «ማዕረግ አገኘች» ብሎ ከመደሰት በፊት የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች? ቦታው ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? ግማሽ ቦታ ተብሎ የሙሉ ቦታ ሥራ እንዳይሰጣት ሰዓቱ ተጽፏል? ትምህርቱ ለገሙል ሂሽታልሙት ይቆጠርላታል? ከሥራ ሰዓት በኋላ ስልክ እንድታነሣ ይጠበቅባታል? መልሱን ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ትቀበል።

የእናትነት መብቷ በአዲሱ ሥራም አይቀርም። በ1954 በወጣው የሴቶች ሥራ ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ 12 ወር የሠራች እናት 26 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ አላት፤ ቅድመ ሁኔታውን ያሟላች ከሆነ ከዚያ ውስጥ የ15 ሳምንቱን ቢቱአህ ሌኡሚ ይከፍላታል። ስትመለስ ሙሉ ሰዓት የምትሠራ ከሆነ ለአራት ወር በቀን አንድ ሰዓት ቀደም ብላ መውጣት ወይም ዘግይታ መግባት ትችላለች፤ ደመወዟ አይቀነስም። ከፈቃዷ ከተመለሰች በኋላም ለ60 ቀን አሠሪው ሊያሰናብታት አይችልም። በ1988 የወጣው የሥራ እኩልነት ሕግ ደግሞ በእርግዝና፣ በወላጅነት ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ድርሻ እንዲኖራቸው የሚያዝ ሕግም በ2011 ወጥቷል፤ አንዳንድ የሥራ ቦታዎች ለማኅበረሰባችን ተለይተው ይወጣሉ። ልጃችሁ የሚስራድ ሃብሪኡትን የሥራ ማስታወቂያ ስታይ ይህንን ትፈልግ።

ልጆቹን ማን ያያቸዋል? ሕግ የማይመልሰው ጥያቄ ይህ ነው። ጋን ሲያልቅ ስብሰባው ገና አላለቀም። ፃሃሮን ይረዳል፣ ያስከፍላልም። አያት የሚያግዙ ከሆነ ነገሩ በግምት እንዳይሄድ ቀኑና ሰዓቱ ይታወቅ፦ እሑድና ማክሰኞ አያት፣ ሰኞና ረቡዕ አባት፣ ሐሙስ እናት። አያትም ጉልበታቸው እየደከመ፣ የራሳቸው የሐኪም ቀጠሮ እያለባቸው፣ «እምቢ አልልም» ብለው እንዳይጎዱ። ባልም አባት ነው፤ «እረዳታለሁ» ከማለት «ይህ ቀን የእኔ ነው» ማለት ይሻላል።

ከወላጆችና ከአዛውንት አንድ ተጨማሪ ነገር እንፈልጋለን። ከኩፓት ሆሊም በአማርኛ ደብዳቤ ወይም መልእክት ሲደርሳችሁ አንብቡት፤ ካልሆነም አስነብቡት። ያልገባችሁን ቃል፣ የሚያሳፍረውን አነጋገር፣ የተሳሳተውን ትርጉም ለነርሳችሁ ንገሩ። «እነሱ ያውቃሉ» ብላችሁ አትለፉት። በስብሰባው ላይ «ይህ አይሠራም» ለማለት የምትነሣው ነርስ ከግምት ይልቅ የእናንተን ቃል ይዛ ብትነሣ የሚሰማት ሰው ይበዛል።