ስለ ምድር ባቡርና ስለ ሕዝብ ቦንድ

ከሐይቅ ገበያ ሽንብራና ምስር ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ፣ እንዲሁም ከጅቡቲ የገባውን ሸቀጥ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል አስመጥቶ የሚቸረችር ባለሱቅ፣ ሁለቱም ሂሳባቸውን የሚጀምሩት ከጭነት ዋጋ ነው። ስለዚህም ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የምድር ባቡር ሥራ በተጀመረ ጊዜ በአካባቢው የተጣለበት ተስፋ ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ ሐዲድ የሚዘረጋው በብረትና በድንጋይ ብቻ ስላልሆነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና በምን ውል እንደሚመለስ መመርመር ለነጋዴ ተገቢ ነው።

ይህ 392 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ብድሩ የተገኘው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲ ስዊስ ካስተባበራቸው የውጭ አበዳሪዎች ነው። ሐዲዱ በአብዛኛው ቢዘረጋም የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት መጓደልና በ2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻ የደረሰው ጦርነት ያስከተለው ጉዳት መደበኛ አገልግሎቱን አዘግይተውታል። ባቡር ቢቆምም የብድር ወለድ አይቆምም።

ከውጭ ባንክ ከመበደር ሌላ ያለው መንገድ ቦንድ መሸጥ ነው። ቦንድ ማለት የዕዳ ሰነድ ነው። የገዛው ሰው አበዳሪ እንጂ ባለቤት አይሆንም፤ ትርፍ ቢበዛ አይካፈልም፤ ነገር ግን በተወሰነው ቀን ዋናውን ገንዘብ ከነወለዱ የመቀበል መብት አለው። አክሲዮን የገዛ ግን የትርፍም የኪሳራም ተካፋይ ነው።

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ታሪክ ሁለት ዐይነት ትምህርት ይሰጣል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1964 ከቶክዮ እስከ ኦሳካ የከፈተችውን ፈጣን ባቡር የሠራችው ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ፣ ቀሪውን በአብዛኛው ከመንግሥት ብድርና ከባቡር ቦንድ ሽያጭ አግኝታ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለነበረ ገቢው ዕዳውን ቻለ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ መራጮችም እ.ኤ.አ. በ2008 ለፈጣን ባቡር ሥራ 9.95 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲሰበሰብ ፈቀዱ፤ ወጪው ግን ከታሰበው በብዙ እጥፍ ጨምሮ መስመሩ እስከ ዛሬ አንድ መንገደኛ አላጓጓዘም።

በአገራችንም ሁለቱ መንገዶች ተሞክረዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ፣ ገበሬውም ነጋዴውም ደመወዝተኛውም ቦንድ ገዝቶአል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆአል። በሌላ በኩል በ2007 ዓ.ም. በውጭ ገበያ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበረ፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ግን 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሆነው ወለድ ሳይከፈል ቀረ።

የልዩነቱ አንዱ ምክንያት የገንዘቡ ዐይነት ነው። ባቡር ከአገር ውስጥ መንገደኛ የሚሰበስበው ብር ነው፤ የውጭ ዕዳ የሚከፈለው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቲኬቱ በነበረበት ዋጋ ቢሸጥም ዕዳው በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው።

የብር ቦንድ ከዚህ አደጋ ያድናል፤ ሆኖም አደጋውን ወደ ገዢው ያዞራል። ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ በ10,000 ብር ቦንድ በዓመት 8 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ቢገዛ፣ በመጨረሻው 14,000 ብር ይሰበስባል። በዚያው ጊዜ የአንድ ኩንታል እህል ዋጋ ከ5,000 ብር ወደ 10,000 ብር ቢወጣ ግን፣ አስቀድሞ 2 ኩንታል ይገዛ የነበረው ገንዘብ ከነወለዱ አንድ ኩንታል ተኩል እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ወደፊት ለባቡር ቦንድ ቢቀርብ ነጋዴው አስቀድሞ አራት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ዕዳው የሚከፈለው ከባቡሩ ገቢ ነውን ወይስ ከመንግሥት ግምጃ ቤት? ሁለተኛ፣ ሥራው ቢዘገይ ወለዱን ማን ይከፍላል? ሦስተኛ፣ ወለዱ ከዋጋ ንረት ይበልጣልን? አራተኛ፣ ገንዘብ ቢቸግር ሰነዱን ከቀኑ በፊት መሸጥ ይቻላልን? በጥር 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ለአራተኛው ጥያቄ በር ከፍቶአል።

አገር ወዳድነት መልካም ነው፤ ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ግን ወዳጁንም ቢሆን የሚከፍልበትን ቀን ሳይጠይቅ አይሰጥም። ለምድር ባቡር የሚያበድርም ሰው እንደዚሁ ሊያደርግ ይገባዋል።