ተጋባዥ ሰባኪና ተጋባዥ ዘማሪ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚጓዝ ሰው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን የጉባኤ ማስታወቂያ ማየቱ አይቀርም። ባነሩ ላይ የጉባኤው ርእስና ቀን ይጻፋል፤ ከሥሩ የተጋባዥ አገልጋዮች ስምና ፎቶግራፍ ይደረደራል። ከፊሎቹ ሰባኪዎች፣ ከፊሎቹ ዘማሪዎች ናቸው። አጥቢያዋ የራሷ ፓስተርና የራሷ መዘምራን እያሏት እንግዳ የምትጠራው ለምንድን ነው?

መልሱን ከባፕቲስቶች መጀመር ይቀላል። የባፕቲስት እምነት አጀማመር በ1609 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም በስደት ይኖሩ ከነበሩ ጥቂት እንግሊዛውያን ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ያዙ፦ ጥምቀት አምኖ ለሚመሰክር ሰው እንደሚሰጥ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን በራሱ እንደሚያስተዳድር። ሰባኪ መድቦ የሚልክ ጳጳስ የላቸውም። አንዱ አጥቢያ ከሌላው ጋር የሚተዋወቀው በአብዛኛው በግብዣ ነው፤ እንግዳ አገልጋይም የዚህ ግንኙነት መልእክተኛ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የባፕቲስት ሚሲዮኖች በሁለት አቅጣጫ ሠርተዋል። ከ1950 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ አንደኛው በአምቦና በግንደበረት ሲያገለግል፣ የሳውዘርን ባፕቲስት ሚሲዮን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ መንዝ ዘለቀ። ዛሬ በቡራዩ የሚያልፈው መንገድ ያኔ ወደ አምቦ ይወስድ የነበረው መንገድ ነው። በአገራችን ከተሰሙት ተጋባዥ ሰባኪዎች በዓለም ዙሪያ እጅግ የታወቀውም ባፕቲስት ነበር፤ አሜሪካዊው ቢሊ ግራሃም በ1952 ዓ.ም. በአፍሪካ ጉዞው አዲስ አበባ መጥቶ ሰብኳል።

ጉባኤው ብዙውን ጊዜ በጸሎትና በኅብረት ዝማሬ ይከፈታል። መድረክ መሪው እንግዶቹን ያስተዋውቃል፤ የአጥቢያው ኳየር ይዘምራል፤ ተጋባዡ ዘማሪ ይከተላል፤ ከዚያ ቃሉ ይሰበካል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ ከሰባኪው አጠገብ አስተርጓሚ ሊቆም ይችላል። የአስተርጓሚው ሥራ ከሚገባው በታች ይመሰገናል ብዬ አምናለሁ። ሰባኪው አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ሲያቆም፣ እርሱ የጥቅሱን ምዕራፍና ቁጥር፣ የድምፁን ግለትና ዝግታ ሳይቀር ወዲያው ማስተላለፍ አለበት። ጥቅሱን በአፋን ኦሮሞ ሲያነብም የሚደገፍበት መሠረት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው።

ዝማሬውም የራሱ ታሪክ አለው። ቀደም ባሉት ዓመታት በወንጌላውያን ዘንድ ብዙ የሚዘመረው ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መዝሙር፣ ዜማውም የባሕር ማዶ ነበር። በኋላ እንደ ሙሉ ወንጌል ያሉ መዘምራን በራሳቸው ግጥምና ዜማ መዘመር ጀመሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩት ቅኝቶች፣ ለሰሚው ጆሮ ቅርብ ናቸው። ብቸኛ ዘማሪዎችም ተነሡ። ከእነርሱ አንዱ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። ያኔ ሙሉ ወንጌልንና መሠረተ ክርስቶስን ጨምሮ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ነበር፤ አማኞች በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር፤ የእንግዳን ስም በአደባባይ መለጠፍ የማይታሰብ ነበር። መዝሙሩ ግን ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር።

ተጋባዥ ዘማሪ ዛሬም ሲመጣ ሕዝቡ መዝሙሮቹን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። በካሴት ፋንታ ስልክ ቢተካም፣ እርሱ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲያነሣ ጉባኤው ተቀብሎ ይጨርሰዋል። የሚያጅቡት የኪቦርድ፣ የቤዝ ጊታርና የድራም ተጫዋቾች ብዙዎቹ በአጥቢያቸው ተለማምደው ያደጉ ወጣቶች ናቸው፤ ትምህርቱን ማሳደግ ለሚሹም በመካኒሳ የመካነ ኢየሱስ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፍቶላቸዋል።

ጉባኤው ሲያበቃ ምዕመናኑ ለእንግዶቹ የፍቅር ስጦታ ይሰጣሉ፤ ሽማግሌዎች ጸልየው ይሸኟቸዋል። በሱሉልታ ያስተናገደው ኳየር በሌላ ጊዜ በሰበታ ወይም በቡራዩ ተጋባዥ ሆኖ ሊቆም ይችላል፤ የግብዣ ደብዳቤው ያኔ ከወዲያ ይመጣል።