የመታወቂያ ወረቀት ማጣት ድምፅ እንዳያሳጣ

በገጠር የሚካሄድ ምርጫ የሚሳካው ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት በሚደረገው ጥረት ብቻ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው ቀደም ብሎ፣ መራጩ በምርጫ ጣቢያ ቀርቦ ማንነቱን ሲያስረዳና ስሙ በመዝገብ ሲሰፍር ነው። ስሙ ከመዝገብ የቀረ ገበሬ በምርጫው ዕለት ቢሰለፍም ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መሠረት ተመዝጋቢው ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለ6 ወር የኖረ መሆን ይኖርበታል። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛ አጠቃላይ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቧል። መራጩ በአካል ቀርቦ የቀበሌ መታወቂያ ወይም ሌላ ማስረጃ በማሳየት በመዝገቡ ላይ ፈርሞ ወይም በጣቱ አትሞ ካርድ ተቀብሏል። ሰኔ 14 ቀን ድምፅ ሲሰጥም ስሙ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ፣ ዳግመኛ እንዳይመርጥ ጣቱ ቀለም ተቀብቷል።

ይሁን እንጂ በገጠር ችግሩ ብዙ ነው። መታወቂያ የሚያወጣው አባወራው ብቻ በሆነበት ቤት ሚስትና ልጆች ያለ ማስረጃ ይቀራሉ። በመላ አገሪቱ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎች ዕድሜያቸውን የሚያስረዱበት ወረቀት የላቸውም። አንዱ ሰው በመታወቂያው በመጠሪያ ስሙ፣ በመንደር ግን በቤት ስሙ መታወቁም ያደናግራል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው ሠራተኛ ደግሞ ምዝገባው በሌለበት ሊያልፈው ይችላል።

መታወቂያ የሌለው የገጠር ነዋሪ በሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ምስክርነት እንዲለይ መንገድ ተከፍቶለት ነበር። ሆኖም ምስክር ፍለጋ ጊዜ ይወስዳል። የ2013 ምዝገባ የተጀመረው መጋቢት 16 ቀን፣ ገበሬው ለመኸር መሬቱን ደጋግሞ በሚያርስበት ወቅት ሲሆን፣ ቀነ ገደቡም እስከ መራዘም ደርሷል።

ስለዚህ ዛሬም በብዙ ቦታ ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራው የገጠር ቀበሌ መሪዎች ሥራ የምርጫ ዘመቻ ሳይደርስ ይጀምራል። የነዋሪውን መዝገብ ቤት ለቤት ማደስ፣ ለሴቶችና ለወጣቶች በየስማቸው መታወቂያ መስጠት፣ የሞተውንና አገር የለቀቀውን መለየት ይገባል። የማዳበሪያ ዕዳ አለብህ ወይም የእገሌ ፓርቲ ደጋፊ ነህ ብሎ መታወቂያ መከልከል ግን የዜጋን መብት መንጠቅ ነው።

የመራጮችን መዝገብ የሚይዙት የምርጫ አስፈጻሚዎች እንጂ የቀበሌ መሪዎች አይደሉም። የመሪዎቹ ድርሻ እውነተኛ ማስረጃ በወቅቱ ማቅረብ፣ በገበያና በዕድር ቀኑን ማስታወቅ፣ መዝገቡ ለሕዝብ ሲገለጥም የቀረ ወይም ያለአግባብ የገባ ስም ካለ ነዋሪው አቤቱታውን በጊዜ እንዲያቀርብ ማስገንዘብ ነው። መሬቱን ሳያለሰልስ ዘር የሚበትን ገበሬ የለምና፣ መሪዎችም ለምርጫው ከወዲሁ መሰናዳት ይኖርባቸዋል።