ባትሪ የሌለው ዘበኛ

ዶራሌ ወደብ ላይ ከመርከብ የወረደ መኪና ሲረከቡ የገዢውም የወኪሉም ዓይን የሚያርፈው ጎማው፣ ቀለሙና የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ነው። ኮፈን ይከፈታል፣ ዘይት ይታያል፣ ጎንበስ ተብሎ ከስር ይፈተሻል። ቁልፉ ግን ሳይገላበጥ ኪስ ይገባል። መኪናው ከጃፓንም ይምጣ ከዱባይ፣ ጅቡቲ ከተማ ይቅርም በጋላፊ ድንበር አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይለፍ፣ እውነተኛ ጠባቂው ያ ኪስ የገባው ቁልፍ ራስ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ጠባቂ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ከሚነገረውም ብዙው ስህተት ነው።

የበር ቁልፍ፣ የመሪ መቆለፊያና አላርም ምን እንደሚሠሩ ሁሉም ስለሚያውቅ አልፋቸዋለሁ። አላርም ይጮሃል እንጂ ሞተር አያስቆምም። ሞተር የሚከለክለው ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ቺፕ አለ፤ በብዙ መኪኖች ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ የብርጭቆ ዘንግ ነው። ቁልፍ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ከፕላስቲኩ ሽፋን ስር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። ቁልፉን ስናዞር በሽቦው ውስጥ በሰከንድ 125,000 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ጅረት ያልፋል፤ በዙሪያውም መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ቺፑ ውስጥ ያለው ሌላ ትንሽ ጥምጥም ከዚያ መስክ ኤሌክትሪክ ይቀዳል። በቀዳው ኃይል ይነቃና ማንነቱን ይናገራል። የመኪናው ኮምፒውተር መልሱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ ኢንጀክተሩ ነዳጅ አይረጭም፣ ካንዴላውም እሳት አይሰጥም። ሞተሪኖው ቢዞር እንኳ ሞተሩ አይነሳም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ሰውየው እጁን ከቁልፉ ሳያነሳ ነው።

እዚህ ላይ ልቆም እፈልጋለሁ፤ ከመኪና ጋር በተያያዘ የምሰማው ትልቁ ስህተት ከዚህ ይጀምራልና። ቺፑ ባትሪ የለውም። አያስፈልገውም። ቁልፉ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው፣ የምታገለግለው በሩን ከርቀት ለሚከፍተውና ለሚዘጋው ሪሞት ነው። ሁለቱ አንድ የፕላስቲክ ቤት ይጋሩ እንጂ ሥራቸው ለየብቻ ነው። ሪሞቱ ሞቶ ቺፑ ሕያው ሊሆን ይችላል። ቺፑ ወድቆ ጠፍቶ ሪሞቱ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ሊውል ይችላል።

ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር አካባቢ፣ ነሐሴ ቀትር ላይ፣ ብረቱ እጅ በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ አንድ ወጣት የትራንዚት ሾፌር የቶዮታውን በር ከፍቶ ጥላ ስር ተቀምጦ አገኘሁት። ሪሞቱ እምቢ ስላለው በሩን የከፈተው በብረቱ ምላስ ነበር። «ጋሼ፣ የቁልፉ ባትሪ ሞቷል፤ ከከተማ ባትሪ እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። ሞተሩን ሞክረኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ባትሪ ከሌለው ምን ይሠራል ብለው ነው?» አለ። እስቲ አዙረው አልኩት። አዞረው፤ ወዲያው ተነሳ። ልጁን አልወቅስም፤ መኪናውን ያስረከበው ሰው ሊነግረው ይገባ ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ እንዲህ በሙቀት የሚቀቀሉ ሾፌሮች መኖራቸው ግን ያናድደኛል።

«እሱማ ቁልፍ የሚዞርበት መኪና ነው፤ የእኔ በአዝራር የሚነሳ ነው» የሚል ይኖራል። በአዝራር የሚነሳው ጭራሽ ይብሳል፤ ባለቤቱ የሚዞር ቁልፍ ስለማያይ ባትሪዋ ስታልቅ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። እርግጥ እዚህ ባትሪዋ ሥራ አላት። መኪናው በዝቅተኛ ሞገድ «አለህ?» ሲል ቁልፉ በባትሪው ኃይል በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ ይመልሳል። ሠሪዎቹ ግን ባትሪ እንደሚያልቅ ስለሚያውቁ ያንኑ ባትሪ የማይፈልግ ቺፕ ውስጡ ትተውልናል። በአብዛኞቹ ቶዮታዎች ፍሬን ረግጦ የቁልፉን አርማ ያለበትን ገጽ ከማስነሻው አዝራር ጋር ማስነካት ነው። መኪናው ድምፅ ይሰጣል፤ ያኔ አዝራሩን መጫን። በሩንስ? ከዚያው ቁልፍ ጎን ትንሽ መቀርቀሪያ አለች፤ ሲስቧት የተደበቀ የብረት ቁልፍ ይወጣል። መኪናው እጃቸው ከገባ ጀምሮ ይህችን ብረት አውጥተው የማያውቁ ባለቤቶች ሞልተዋል። ዛሬውኑ ያውጧት፤ የባሕሩ እርጥበት አጣብቋት ይሆናል።

ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋ ቀይ መብራትም እንዲሁ በከንቱ ትጠረጠራለች። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ ስትበራና ስትጠፋ ጥበቃ ላይ መሆኗን መንገሯ ነው፤ የምትወስደው ኤሌክትሪክም እዚህ ግባ አይባልም። «ባትሪ ትጨርሳለች» ብለው ፊውዝ የሚነቅሉ ሰዎች አሉ፤ ተዉ! መጠርጠር ያለባት ቁልፉ ገብቶ ዞሮ እያለ አልጠፋም ስትል ነው። ያኔ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልያዘ፣ ወይም ይዞ ከአፍታ በኋላ ከጠፋ፣ ወደ ነዳጅ ፖምፓ ከመሄድ በፊት ይህችን መብራት ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። የቁልፉን ማሰሪያም ይመልከቱ። የሌላ መኪና ባለቺፕ ቁልፍ አብሮ ከታሰረ ሁለቱ ቺፖች በአንድ መስክ ነቅተው በአንድ ላይ ስለሚናገሩ ኮምፒውተሩ ሊደናገር ይችላል። የሁሉን መኪና ቁልፍ በአንድ ቀለበት አስሮ የሚዞር ደላላ ይህን ቢያውቅ ደግ ነበር።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ረጅም አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1986 ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬት የተባለችው መኪና ቁልፍ ላይ ትንሽ ሬዚስተር ለጠፈ፤ መኪናው የሬዚስተሩን መጠን ለክቶ ካልገጠመ አይነሳም። ዓይነቱ ግን 15 ብቻ ስለነበር ሌባ 15ቱንም ከያዘ አንዱ ይገጥምለታል። ከዚያ በሬዲዮ የሚናገረው ቺፕ መጣ። በአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው ግዴታ ሆነ፤ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። አሜሪካ ግን አላስገደደችም። በዚህም ምክንያት ከ2011 እስከ 2021 ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ኪያና ሃዩንዳይ መኪኖች ያለ ኢሞቢላይዘር ወጡ። በኋላ ወጣቶች የመሪውን ሽፋን ገንጥለው በስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፍ እያዞሩ ወሰዷቸው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ተጋጭተው፣ ዱባይ ተጠግነው በጅቡቲ የሚያልፉ መኪኖች አሉ። ያው ስም፣ ያው ሞዴል ሆኖ ለአውሮፓ የተሠራው ዘበኛ ሲኖረው ለአሜሪካ የተሠራው ላይኖረው ስለሚችል፣ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቺፖች አንድ የማይለወጥ ቁጥር ብቻ ይናገሩ ነበር፤ የሰማቸው ሊገለብጣቸው ይችላል። ቀጥለው የመጡት ይበልጥ ብልህ ናቸው። ኮምፒውተሩ በየጊዜው አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ ቺፑ ውስጡ ባለው ምስጢር አስልቶ መልሱን ይሰጣል፤ ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ አይወጣም። ይህም ቢሆን ተሰብሯል። በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የምስጢሩ ርዝመት 40 ቢት ብቻ የሆነውን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ፈትተው አስመስለው በሠሩት መሣሪያ ፎርድ መኪና አስነሱ። 40 ቢት ማለት አንድ ትሪሊዮን ገደማ አማራጭ ነው፤ ለሰው ብዙ፣ ለኮምፒውተር ጥቂት። ኋላ የመጡት 80 ቢትና ከዚያም በላይ ናቸው።

ባትሪ ያለው ቁልፍ ድካሙ ሌላ ነው፤ ከርቀት መናገሩ። በ2011 የዙሪክ ተመራማሪዎች የ8 ኩባንያዎችን 10 መኪኖች ሞክረው፣ ባለቤቱ ዘንድ ያለውን ቁልፍ ድምፅ በማሻገር ሁሉንም ከፈቱ፣ አስነሱም። ቁልፉን ማታ ክዳኑ ግጥም በሚል የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ማሳደር ለዚህ ይበጃል። ባትሪ የሌለው ቺፕ ግን ከቀዳዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ዝም ስለሚል እንዲህ ባለ መንገድ አይሻገርም። የምወደውም ለዚህ ነው።

ይህን ዘበኛ በገዛ እጃቸው የሚገድሉትን ግን ምን ልበላቸው? አንድ ባለቺፕ ቁልፍ ብቻ ሲቀራቸው ቺፑን አውጥተው በመሪው ሽፋን ስር በፕላስተር የሚያጣብቁ አሉ። ከዚያ በኋላ ተራ የተቀረጸ ብረት ሁሉ መኪናውን ያስነሳል፤ ለባለቤቱም፣ ለሌባውም። ቁልፍ ቀራጩ ርካሽ ነው ብሎ ያቀረበውን መላ ሰምተው መኪናቸውን ለ1985 ዓይነት ሌባ አመቻችተው ይሰጣሉ።

ስለዚህ መኪና ከወደብ ሲረከቡ ስንት ቁልፍ እንዳለው ይጠይቁ። ሁለት ከተባለ በሁለቱም ሞተሩን ያስነሱ፤ በር መክፈት ምንም አያረጋግጥም፤ ቺፕ የሌለው ቅጂም በር ይከፍታል። በብዙ የቀድሞ ቶዮታዎች ጥቁሩ ቁልፍ ዋና፣ ግራጫው ረዳት ነው። አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ የሚቻለው በጥቁሩ ነውና ግራጫውን ብቻ ይዞ ጋላፊን መሻገር በኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከከለከለች ወዲህ በዚሁ ወደብ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከቢዋይዲ መኪኖች በርካቶቹ ከቁልፉ ሌላ ስስ የፕላስቲክ ካርድ አላቸው። በሾፌሩ በኩል ካለው የኋላ ማያ መስታወት ላይ ሲያስጠጉት በሩ ይከፈታል። ካርዱም ባትሪ የለውም፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ጥምጥም በ13.56 ሜጋኸርዝ ያበላዋል። ስልክንም እንደ ቁልፍ መጠቀም ስለሚቻል ካርዱን ከሰነድ ጋር ፖስታ ውስጥ ዘግተው የሚልኩ አሉ። ስልክ በጅቡቲ ሙቀት ግሎ ይዘጋል፣ ቻርጅም ይጨርሳል፤ ካርዱን ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ያድርጉት።