በስልክ የተዘናጋ ሹፌር፦ ዲያ ከተከፈለ ክሱ ይቀራል?



ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ መንገዷን ያውቃል። ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ መንገድ ይወጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በ3 ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ ስልኩን ለማየት ለ3 ሰከንድ ካቀረቀረ ያን ሁሉ መንገድ ሳያይ ነድቷል ማለት ነው።

አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል፣ እርቅ ይወርዳል። ከዚያ «ዲያ ከፍለን ታርቀናል፤ ክሱ ለምን አይቋረጥም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ እንመልከት።

የወንጀል ኃላፊነት

እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማነጋገር በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የተከለከለ ነው። አደጋ ባይደርስም ያስቀጣል። ሰው ከሞተ ግን ጉዳዩ ወደ ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይሄዳል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ይሆናል። ስልክን የሚከለክል ግልጽ ደንብ ስላለ፣ ዐቃቤ ሕግ በዚህ ከባድ ድንጋጌ ሊከስ ይችላል። ተጎጂን ጥሎ መሸሽ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው።

የካሳ ኃላፊነት

ብዙ የባጃጅ ባለቤቶች ራሳቸው አይነዱም፤ ለሹፌር ሰጥተው የቀን ገቢ ይቀበላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ግን ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። «እኔ ቤቴ ነበርኩ» የሚለው መልስ አያድንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም የሚከፍለው እስከተወሰነ ጣሪያ ነው፤ የቀረው ከኪስ ይወጣል። የተጎጂ ቤተሰብ ደግሞ የካሳ ክስ በመሠረቱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይወቅ፤ ሽምግልና እየተጠበቀ ጊዜው እንዳያልፍ።

ዲያውስ?

በሸሪዓችን ሰውን በስህተት የገደለ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92 ደንግጓል። ዲያው የሟች ቤተሰብ ሐቅ ነው፤ ይቅር ማለትም ይችላሉ። ከፋራው ግን በአላህና በገዳዩ መካከል ያለ ግዴታ ነው፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ በሌለበት ሁለት ተከታታይ ወር መጾም ነው። ቤተሰብ ይቅር ስላለ ከፋራው አይቀርም።

የመንግሥት ክስም እንዲሁ ነው። ነፍስ የጠፋበትን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ በቤተሰብ እርቅ ብቻ አይዘጋም። ይሁንና ከልብ መጸጸትና ተጎጂን መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው። ስለዚህ እርቁ በጽሑፍ ይሁን፤ የተከፈለው ገንዘብ ምን ምን እንደሚሸፍን በግልጽ ይቀመጥ፤ ምስክሮችም ይፈርሙ።

ወንድማችን ሹፌር ሆይ! ሞተር ሳታስነሳ ስልክህን ድምፅ አጥፋ። ተሳፋሪም ዝም አይበል፤ «ወንድሜ፣ ስልኩን ተወው» ይበል። ደዋዩም ሰውየው እየነዳ መሆኑን ካወቀ ወዲያው ይዝጋ። የተሳፋሪውም የእግረኛውም ነፍስ አማና ነው።

አላህ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።